«ጨዋ ልጅ የትም ጨዋ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ሰው ስለ ወታደርና ስለ ሥነ ምግባር የጻፉትን አነበብኩ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ጨዋ ልጅ የትም ቢሄድ ጨዋ ነው፤ ግዳጅ ላይ ሄዶ ሰላማዊ ሰው የሚያንገላታ ወታደር ደግሞ ድሮም አስተዳደግ የበደለው ነው። ብዙ ሰው እንደሚስማማቸው አውቃለሁ። እኔ ግን አልስማማም። እንዲህ ብለን ስንተወው ግዳጅ ላይ ያሉት ልጆቻችንም ይጎዳሉ፣ እነሱ ሊጠብቁት የሄዱት ሕዝብም ይጎዳል። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለረጅም ዓመታት የሠራሁት ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ወታደሮች በሚታከሙበት ቦታ ነው። ከመካከላቸው የኛው ልጆችም ነበሩ። እዚህ ተወልደው ወይም በልጅነታቸው መጥተው የአሜሪካን የደንብ ልብስ የለበሱ፣ እናቶቻቸው በሰላም ተመለሱልኝ ብለው ስለት ያስገቡላቸው ልጆች። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ብቻ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።)

ሰው ሁሉ ከጦርነት የተመለሰን ወታደር ሌሊት የሚያባንነው የተኩስ ድምፅ ይመስለዋል። አንዳንዱን አዎ። ብዙዎቹን ግን የሚያባንናቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ አስታውሳለሁ፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አልጽፍም። ኢራቅ ውስጥ የቤት ፍተሻ ላይ ነበሩ። ጓደኛው አንድ ሽማግሌን በጥፊ መታቸው። ቆባቸው መሬት ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ዞር ብለው ያዩት የመታቸውን ልጅ ሳይሆን እሱን ነው፣ በር ላይ የቆመውን። እሱ ምንም አላለም። ከዓመታት በኋላ ይህን ሲነግረኝ ደጋግሞ የሚያነሳው ጥፊውን አልነበረም። «ቆቡን እንኳ አንስቼ አልሰጠኋቸውም» ነበር የሚለው። ማንም አልሞተም፣ ጥይትም አልተተኮሰም፣ ግን ያቺ ቆብ ከውስጡ አልወጣችም።

ያ ልጅ አስተዳደግ የበደለው አልነበረም። እናቱን በየቀኑ የሚደውልላት፣ ክፍል ውስጥ ለአቅመ ደካማ ወንበሩን የሚለቅ ልጅ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ሁለት ቀን በቅጡ አልተኛም። በዚያው ሳምንት የሚወዱት ጓዳቸው መንገድ ላይ በተጠመደ ፈንጂ ሞቷል። መሪያቸው ደግሞ ሲያወጣቸው «ዛሬ ማንንም አትመኑ» ብሎ ነው ያወጣቸው። እንግዲህ እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙልኝ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የጓድ ሐዘን፣ የመሪ ቃል። የቀረው ደብዳቤዬ ስለነዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ታሪክ ላንሳ። ማርች 16 ቀን 1968፣ ቬትናም፣ ማይላይ የምትባል መንደር። ቻርሊ ካምፓኒ የሚባል የአሜሪካ እግረኛ ሻምበል እዚያ አገር ከገባ ገና ሦስት ወር ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠላትን ፊት ለፊት አላገኘውም ማለት ይቻላል፤ ሰዎቹ የሚሞቱትና የሚቆስሉት በፈንጂና በወጥመድ ነው። የሚተኮስበት ሰው የለም፣ የሚቀበር ጓድ ግን አለ። ከግዳጁ ሁለት ቀን በፊት ሁሉም የሚወዱት አንድ ሰርጀንት በወጥመድ ፈንጂ ሞተ። ዋዜማው ላይ የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገለት። በዚያው ምሽት፣ ገና እንባቸው ሳይደርቅ፣ የሻምበሉ አዛዥ የነገውን ግዳጅ አስረዳቸው። ሰላማዊ ሰዎች በዚያ ሰዓት ገበያ ወጥተው እንደሚሆኑ፣ የሚቀረው ጠላት ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው።

ጠዋት ገቡ። አንድም የጠላት ተኩስ አልገጠማቸውም። ያገኙት ቁርሱን የሚያበስል ሰው ነው። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት። ለሰዓታት ገደሏቸው። ቬትናሞች ባቆሙት መታሰቢያ ላይ የ504 ሰዎች ስም ሰፍሯል።

በዚያ ሰዓት ከላይ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር ትዞር ነበር። አብራሪው ሂዩ ቶምሰን ይባላል፣ 24 ዓመቱ ነው። አብረውት ሁለት ልጆች አሉ፦ ግሌን አንድሪዮታና መትረየስ ተኳሹ ላሪ ኮልበርን። ሥራቸው ጠላት ያለበትን ቦታ እየፈለጉ መጠቆም ነው። ቶምሰን የቆሰሉ ሲቪሎችን ሲያይ እርዳታ እንዲደርሳቸው በጭስ ምልክት ያደርግላቸዋል። ተመልሶ ሲመጣ ሞተው ያገኛቸዋል። በሬሳ የተሞላ ቦይ አየ። መጀመሪያ ላይ ማመን አቃተው። በመድፍ የተመቱ ይሆናሉ ብሎ ለራሱ ሊያስረዳ ሞከረ። ወረደ፣ ምድር ላይ ያሉትን ጠየቃቸው፣ ተከራከራቸው፣ የሚሰማው አላገኘም። ተነሣ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች መጠለያ ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገው፣ የአሜሪካ ወታደሮች ወደነሱ ሲሄዱ ከላይ አየ።

ሄሊኮፕተሩን በሁለቱ መካከል አሳረፈው። ለኮልበርንና ለአንድሪዮታ፣ እነዚህ ሰዎች ላይ የራሳችን ወታደሮች ከተኮሱ እናንተም በወታደሮቹ ላይ ተኩሱ አላቸውና ብቻውን ወጥቶ ሄደ። ሰዎቹን በእጁ እየጠራ አወጣቸው። የእሱ ሄሊኮፕተር ስለማትበቃ በራዲዮ ጓደኞቹን ለመነና በሌላ ሄሊኮፕተር አስጫናቸው። ሲመለሱ ቦዩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አዩ። አንድሪዮታ ሬሳው መሃል ገብቶ በሕይወት ያለ ሕፃን አውጥቶ መጣ። ወደ ሆስፒታል ይዘውት በረሩ። ቶምሰን ሰፈር እንደደረሰ ያየውን ሁሉ ለአለቆቹ ነገረ፣ ግድያውም እንዲቆም ትእዛዝ ተላለፈ። አንድሪዮታ ከዚያ በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው በውጊያ ሞተ።

አሁን የኔ ጥያቄ ይኸው ነው፦ ቶምሰን ያን ማድረግ እንዴት ቻለ?

እሱ ራሱ ሲጠየቅ የሚያመሰግነው ወላጆቹን ነበር፤ ክፉና ደጉን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው ይል ነበር። እንግዲህ አንባቢው እውነት አላቸው፣ አስተዳደግ ዋጋ አለው። እኔም ይህን አልክድም። ግን የቻርሊ ካምፓኒ ልጆችም እናትና አባት ነበራቸው። ብዙዎቹ የተራ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከነሱም ውስጥ አንተኩስም ብለው ጥይታቸውን የያዙ እንደነበሩ በኋላ ታውቋል። ስለዚህ አስተዳደግ ብቻውን አያስረዳንም። ልዩነቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ቶምሰን ዋዜማውን ያንን ጸሎት አልተካፈለም። «ያለው ጠላት ብቻ ነው» የሚለውን የሻምበሉን አዛዥ ቃል አብሮ ተቀምጦ አልሰማም። ሐዘኑ፣ ቁጣው፣ የቡድኑ ደም ፍላት እሱ ላይ አልነበረም። ከላይ ሆኖ ሁሉን በአንድ ዓይን ያያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻውን አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ፣ ሁለቱም «እሺ» አሉት። ኮልበርን ወይም አንድሪዮታ «ተው፣ ምን አገባን» ቢሉት ኖሮስ? እኔ መልሱን አላውቅም፣ ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታንሊ ሚልግራም የሚባል ተመራማሪ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተራ ሰዎችን ጠርቶ፣ ሌላ ክፍል ያለ ሰው በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ ንዘሩት እያለ አዘዛቸው። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላውን ሙከራ ነው። አጠገባቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠው «እኛ ከዚህ በላይ አንቀጥልም» ብለው ሲያቆሙ፣ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40 ሰዎች አራት ብቻ ሆኑ። አራት! ሰዎቹ የተመረጡት ከዚያው ከተማ፣ አዛዡም ያው ነው። የተለየው አጠገባቸው «አይሆንም» የሚል ሰው መገኘቱ ነው።

ሌላ ልጨምር። ደጉ ሳምራዊን የማያውቅ አንባቢ የላችሁም። በ1973 በታተመ ጥናት፣ ፕሪንስተን ውስጥ ቄስ ለመሆን የሚማሩ ተማሪዎች ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለዚሁ ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አቀርቅሮ እያቃሰተ ተቀምጧል፤ ሆን ተብሎ ነው የተቀመጠው። ጊዜ ካላቸው ተማሪዎች 63 በመቶው ቆመው ረዱት። «ረፍዶባችኋል፣ ቶሎ ድረሱ» ከተባሉት የቆሙት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ሃይማኖታቸው አልተለወጠም፣ ወንጌሉም አልተለወጠም። የተለወጠው ጥድፊያው ነው። እንግዲህ ሰላም ባለበት ግቢ ውስጥ ጥድፊያ ይህን ያህል ካደረገ፣ ጥይት በሚጮህበት ቦታ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ወደ እንቅልፍ ልመለስ፣ ይህ ነገር ለኔ ዋና ነው። ኖርዌይ ውስጥ የመኮንንነት ሥልጠና ላይ ያሉ 71 ዕጩ መኮንኖች ተጠንተው ነበር፤ ጥናቱ በ2010 ወጣ። ከባድ ልምምድ ላይ ሆነው ለአምስት ቀናት ያህል በቀን የሚተኙት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚመዝኑበት ችሎታቸው በደንብ ተኝተው ከተፈተኑበት ጋር ሲወዳደር በጣም ወረደ። የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎችም በ2007 ተመሳሳይ ነገር አይተዋል፤ 53 ሰዓት ሳይተኙ የቆዩ ወታደሮች ስሜትን የሚነካ ከባድ የሕሊና ጥያቄ ሲቀርብላቸው ለመወሰን ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው። ኬላ ላይ ለቆመ ልጅ ያቺ ተጨማሪ ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነች ታውቃላችሁ? የምትመጣው መኪና ፍሬን የጠፋባት የቤተሰብ መኪና ትሁን ፈንጂ የጫነች ትሁን የሚለይባት ሰከንድ ናት።

እኛ እንቅልፍን የስንፍና ነገር አድርገን እናየዋለን። «ወታደር ምን ይተኛል» እንላለን። ታካሚዎቼ ግን አንድ በአንድ የሚሉኝ ይህ ነው፦ ያን ያደረግኩ ቀን እንደ ሰው አላስብም ነበር። እኔ እንደ ሰበብ አልቆጥረውም። እንደ መረጃ ነው የምይዘው።

ከዚያ ደግሞ ቁጣ አለ። በ2006 የአሜሪካ ጦር የራሱን የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ኢራቅ ልኮ ወታደሮቹንና ማሪኖቹን (የባሕር ወለድ ተዋጊዎቹን) በግልጽ ጠየቀ። ሪፖርቱ በ2007 ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው ደነገጠ። ሰላማዊ ሰዎች በክብርና በአክብሮት ሊያዙ ይገባል ያሉት ከወታደሮቹ 47 በመቶ፣ ከማሪኖቹ 38 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጓዴ ንጹሕ ሰው ቢያቆስል ወይም ቢገድል አሳውቃለሁ ያሉት ከወታደሮቹ 55፣ ከማሪኖቹ 40 በመቶ ናቸው። አሥር በመቶ ገደማ የሚሆኑት ሰላማዊ ሰው እንዳንገላቱ ወይም ያለ አስፈላጊነት ንብረት እንዳበላሹ በራሳቸው አንደበት አመኑ። ቁጣቸው ከፍ ያለ ሰዎች ደግሞ ይህን የማድረግ ዕድላቸው ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ነበር። አብዛኞቹ የሥነ ምግባር ትምህርት ወስደናል ይላሉ፣ ግን ሲሦ የሚጠጉት ግዳጅ ላይ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ የገባቸው ጊዜ እንደነበር ተናግረዋል። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ሕጉን አንብቦ ማስፈረም እንግዲህ ይህን ነው የሚያመጣው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፣ በተለይ እሱን እንድታትሙልኝ እለምናለሁ። ከዚያ ሪፖርት በኋላ፣ ኢራቅ ውስጥ በነበረ አንድ ብርጌድ ላይ የተለየ ነገር ተሞከረ። ከውጭ አስተማሪ አልመጣም። የራሳቸው አዛዦች፣ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱ የሚመራቸውን ልጆች በትንሽ ቡድን አስቀምጦ ከፊልም የተቆራረጡ ትዕይንቶችን እያሳየ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔስ ምን እንዳደርግ ትጠብቃላችሁ?» እያለ አወያያቸው። ውጤቱ በ2011 ታተመ። ያለ አስፈላጊነት ንብረት አበላሽተናል የሚሉት ከ13.6 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረዱ። ሰላማዊ ሰው የሚያንገላታ ጓዴን አሳውቃለሁ የሚሉት ደግሞ ከ36 በመቶ ወደ 59 በመቶ ገደማ ከፍ አሉ። ብዙ ብር አልፈጀም፣ አዲስ መሣሪያም አላስፈለገም። አለቃቸው አፍ አውጥቶ «ይህን አልፈልግም» ማለቱን ሰሙ፣ አጠገባቸው ያለውም ጓድ እንደነሱ እንደሚያስብ አወቁ። ለካ ብዙዎቹ በሆዳቸው ይዘውት ኖሯል።

አሁን «ይህ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያገባናል እንጂ! ኢትዮጵያ ከኮሪያ ዘመቻ ጀምሮ፣ ከ1951 ማለት ነው፣ ልጆቿን ሰው አገር ስትልክ የኖረች አገር ናት። ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ሶማሊያ። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች አንድም ምርኮኛ አለመስጠታቸውን በኩራት እንናገራለን፣ ልንናገርም ይገባል። የሰላም አስከባሪ ፈተና ግን የተለየ ነው። ጀግንነቱ የሚለካው በተኩስ አይደለም፣ አንዳንዴ ባለመተኮስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም «ተወው» ሲል ተነሥቶ በመቆም ነው።

ሩዋንዳ፣ 1994። የሴኔጋሉ ሻምበል ምባዬ ዲያኝ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢ ነበር። መሣሪያ እንኳ አልያዘም። እልቂቱ እንደጀመረ የተገደሉትን የጠቅላይ ሚኒስትሯን የአጋት ኡዊሊንጊይማናን ልጆች ከተደበቁበት አውጥቶ አተረፋቸው። ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ፣ ጥቂት ጥቂት ሰው እየጫነ፣ ሰው የሚታረድባቸውን ኬላዎች እየሳቀ፣ እየቀለደ፣ ሲጋራ እየሰጠ እያለፈ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን አዳነ። መመሪያው ይህን አይፈቅድለትም ነበር። የሰላም አስከባሪው ኃይል አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ያውቁ ነበር፣ አላስቆሙትም። ይህች አለማስቆም ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። ዲያኝ ሜይ 31 ቀን ኬላ ላይ ቆሞ ሳለ አጠገቡ በወደቀ ሞርታር ሞተ። በ2014 የጸጥታው ምክር ቤት በስሙ ሜዳልያ አቋቋመ።

ሌላኛውንም መናገር አለብኝ፣ የሚያምም ቢሆን። ፌብሩዋሪ 2016 ደቡብ ሱዳን፣ ማላካል ውስጥ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጥበቃ ሥር ያለ የተፈናቃዮች መጠለያ ተጠቅቶ ቢያንስ 30 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ከነበሩት ሰላም አስከባሪዎች መካከል ከሕንድና ከሩዋንዳ ጋር የኛም ልጆች ነበሩ። ድርጅቱ ራሱ ባደረገው ምርመራ የዕዝ ሰንሰለቱ የተምታታ እንደነበር፣ ኃይል መጠቀም መቼ እንደሚፈቀድ ግልጽ እንዳልነበር፣ ቦታቸውን ለቀው የሄዱ እንደነበሩና ለመተኮስ የጽሑፍ ፈቃድ የጠየቀም እንደነበር ታወቀ። «ፈሪዎች» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን የማስበው ያን ልጅ ነው፦ አጥር ላይ ቆሞ ከኋላው ሕፃናት እየጮሁ፣ በራዲዮ የሚጠይቀው መልስ የማያገኝ፣ ከአዛዡም ጋር ስለዚህ ቀን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ያልተነጋገረ። በዚያች ደቂቃ ከየት ያምጣው?

ስለ ራሳችን ጦርነት ብዙ ለመጻፍ እኔ ሩቅ ያለሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በኖቬምበር 2021 የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ በትግራዩ ግጭት ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች፣ በተለያየ መጠን፣ ጥሰት ፈጽመዋል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት አለ ብለዋል። እነዚያን ነገሮች የፈጸሙ፣ ቆመው ያዩ፣ «ተው» ማለት ፈልገው ያልቻሉ ልጆች ዛሬ በየሰፈራችሁ አሉ። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ይቀመጣሉ። እስራኤል አገር ያሉ ዘመዶቻችን ልጆችም የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፣ እዚህ አሜሪካም እንዲሁ። ማንም ወገን ከዚህ ነገር ነጻ ነኝ ማለት አይችልም።

አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ፣ ነገሬ እንዳይጣመም። «ሁኔታው ነው ያደረገው» ብዬ የገደለውን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ለሞተው ሰው ቤተሰብ ወታደሩ ተኝቶ ነበር አልተኛም ምናቸውም አይደለም። በማይላይ ጉዳይ ጥፋተኛ የተባለው አንድ መቶ አለቃ ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ አብዛኛውን በቁም እስር አሳልፎ ወጣ። ይህ ዛሬም ያናድደኛል። ቶምሰን በአንጻሩ ዓመታት ሙሉ እንደ ከሃዲ ታየ፣ የማስፈራሪያ ስልክ ይደወልለት ነበር፣ ደጃፉ ላይ የሞተ እንስሳ ይጣልበት ነበር፤ ሜዳልያውን ያገኘው በ1998፣ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ያጠፋ መጠየቅ አለበት። ግን ተጠያቂነቱ ተኳሹ ላይ ብቻ ሲያበቃ፣ ሳይተኛ ያሰማራው፣ ቀብር ባደረገ ማግስት ቂም ይዞ መንደር ያስገባው፣ «ማንንም አትመኑ» ብሎ የላከው ሰው ያመልጣል። «አስተዳደግ የበደለው ነው» የሚለው አባባል የሚጠቅመው ይህን ሰው ነው። ከሱ ወዲያ የሚጠቀምበት የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። ከምኑ ልጀምር? ጥይቱ እንደሚቆጠረው የልጆቹ እንቅልፍ ይቆጠር፤ አዛዡ ስንት ሰዓት እንደተኙ ይጠየቅበት። ጓዳቸው የሞተባቸውን ልጆች በማግስቱ ሰላማዊ ሰው ካለበት ቦታ አታሰማሯቸው፤ የግድ ከሆነም ያላዘነ፣ ከሌላ ቡድን የመጣ ሰው አብሯቸው ይውጣ፣ ቶምሰን ከላይ ሆኖ ያየውን የሚያይ ዓይን እንዲኖር። ወደ ግዳጅ ከመሄዳቸው በፊት የራሳቸው ሻምበልና መቶ አለቃ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አሠልጣኝ ሳይሆን፣ ቁጭ አድርጎ ያወያያቸው፤ «አንድ ሽማግሌ በጥፊ ሲመታ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው፣ መልሳቸውንም ይስማ። ጥፋት ያየ ልጅ የሚናገርበት መንገድ ይኑር፣ መንገዱም በአጥፊው አለቃ በኩል አይለፍ። ሲመለሱ ደግሞ ከሰልፉና ከጭብጨባው በኋላ የሚያዳምጣቸው ሰው ይመደብላቸው፤ ቄስም ይሁን ሼኽ፣ ነርስም ይሁን የድሮ ወታደር፣ ሳይፈርድ የሚሰማ ሰው ይሁን እንጂ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ ከግዳጅ ሲመለስ «ስንት ገደልክ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ይህን ጥያቄ ስንቱ በገዛ አጎቱ፣ በሠርግ ቤት፣ ሰው ፊት እንደተጠየቀ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ዝም ካለም አታስጨንቁት። አብራችሁት ተቀመጡ፣ ቡና አፍሉ። ሊናገር ሲጀምር ግን «እሱማ ግዴታህ ነው፣ እርሳው» ብላችሁ አታቋርጡት። ልቡ የሚፈልገው ይቅርታ ሊሆን ይችላል፣ ይቅርታ ደግሞ ጥፋቱ ሳይሰማ አይገኝም።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም ልመና አለኝ። ለሚመለከተው ክፍል ይህን ጥያቄ አቅርቡልኝ፦ ወደ ሶማሊያና ወደ ሌሎች ግዳጆች የሚሄዱ ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ስለ ሰላማዊ ሰው አያያዝ የሚወያዩት ከማን ጋር ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ አዛዦቻቸውስ አብረው ይቀመጣሉ ወይ? መልሱን እንዳገኛችሁት አትሙት። ከግዳጅ የተመለሱ አንባቢዎቻችሁም ስማቸው ሳይጠቀስ እንዲጽፉ ገጹን ክፈቱላቸው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፉት አንባቢ ደግሞ መልስ ካላቸው ደስ ብሎኝ አነባለሁ፤ ለልጆቻችን የሚጨነቁ ሰው መሆናቸው ከጽሑፋቸው ይታያል፣ የምንለያየው ጭንቀታችንን የት ላይ እናሳርፈው በሚለው ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ነርስ፣ ከቨርጂኒያ